የባክአፑ መዝገብ የት ነው የሚኖረው? ለቢሯችሁ ባክአፕ ሶፍትዌር ስትመርጡ

ባክአፕ ሶፍትዌር ልትገዙ ወይም በነፃ ልታወርዱ ከሆነ፣ ስለ ዋጋውና ስለ ፍጥነቱ ከማውራታችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ። ካታሎጉን የሚያስቀምጠው የት ነው?

ካታሎግ የምለው ሶፍትዌሩ ለራሱ የሚይዘውን መዝገብ ነው። የትኛው ፋይል፣ ከየትኛው ኮምፒውተር፣ በየትኛው ሌሊት ተቀድቶ፣ በየትኛው ዲስክ ወይም ቴፕ ላይ እንዳረፈ የሚናገረው እሱ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት የገባ ሰው ይሄን ቶሎ ይረዳዋል። ዶሴዎቹ መደርደሪያ ላይ ናቸው። የትኛው ዶሴ የት እንዳለ የሚታወቀው ግን ጠረጴዛው ላይ ካለው ትልቁ መዝገብ ነው። መዝገቡ ከጠፋ ዶሴዎቹ አሉ፣ ፈልጎ የሚያወጣቸው ግን የለም።

እኔ ከለገሃር እስከ ፒያሳ ባሉ ትንንሽና መካከለኛ ቢሮዎች እየዞርኩ ሰርቨር እንከባከባለሁ። የሂሳብ ቢሮ አለ፣ ክሊኒክ አለ፣ ማተሚያ ቤት አለ። ሁሉም ጋ ባክአፕ አለ። ካታሎጉ በምን ዓይነት ዳታቤዝ እንደተያዘ የሚጠይቀኝ ደንበኛ ግን ከስንት አንዴ ነው። ስለዚህ ሳልጠየቅ ልንገራችሁ።

ሁለት ዓይነት አሠራር አለ። አንዳንዱ ሶፍትዌር ካታሎጉን ለሁሉም ሥራ በሚያገለግል የታወቀ ዳታቤዝ ውስጥ ያስገባዋል። ፖስትግሬስ፣ ማይኤስኪውኤል፣ የማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር፣ ኤስኪውላይት ከዚህ ወገን ናቸው። ሌላው ደግሞ ለባክአፕ ብቻ ተብሎ የተሠራ የራሱ ፎርማት አለው። ያንን ፎርማት የሚያነበው ራሱ ሶፍትዌሩ ብቻ ነው።

የእኔ መመዘኛ ይሄ ነው። ወይ ካታሎጉ ብዙ ባለሙያ በሚያውቀው ዳታቤዝ ውስጥ ይሁን፤ ወይ ደግሞ ሶፍትዌሩ ካታሎጉን ከባክአፑ ዳታ ላይ ተነስቶ እንደ አዲስ መገንባት ይችል። ሁለቱም ካለ ግሩም ነው። አንዱም ከሌለ ሶፍትዌሩን አትንኩት።

ለምን ይሄን ያህል አጠበቅሽው ወይም አጠበቅከው የምትሉ ካላችሁ፣ 2016 ዓ.ም. ላይ ፒያሳ ሲፈርስ የሆነውን አስታውሱ። ብዙ ቢሮ በጥድፊያ ዕቃውን ጭኖ ወጣ። ሰርቨርም ከወንበርና ከመደርደሪያ ጋር አይሱዙ ላይ ተጫነ። ከእነዚህ ቢሮዎች አንዱ አዲሱ ቦታ ሲደርስ ሰርቨሩ አልነሳ አለ። እኔ የተጠራሁት ከዚያ በኋላ ነው። ባክአፑ ያለበት ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ደህና ነበር። ሰካነው፣ ተከፈተ፣ ስማቸው ቁጥር ብቻ የሆኑ ትልልቅ ፋይሎች ተደርድረው አየን። የዓመታት ሥራ እዚያ ውስጥ ነው። የትኛው ቁጥር የማን ሥራ እንደሆነ የሚያውቀው ካታሎግ ግን የሞተው ሰርቨር ላይ፣ በሶፍትዌሩ የራሱ ፎርማት ነበር የተቀመጠው። ካታሎጉን ከፋይሎቹ መልሶ የሚሠራ መሣሪያ ሶፍትዌሩ አልነበረውም። በመጨረሻ ያዳነን የድሮው ሰርቨር ዲስክ ራሱ ሌላ ማሽን ላይ መነበቡ ነው። ዲስኩ መንገድ ላይ ተመትቶ ቢሆን ኖሮ የምናደርገው አልነበረም። የሶፍትዌሩን ስም ማንሳት አያስፈልግም። እንደሱ ያለ ብዙ ነው።

መጀመሪያ ምርቱ ከየትኛው ወገን እንደሆነ እወቁ

ባኩላና ከእሱ የወጣው ባሪዮስ ካታሎጋቸውን አጠቃላይ ዳታቤዝ ውስጥ ነው የሚይዙት። ባኩላ ከፖስትግሬስም ከማይኤስኪውኤልም ጋር ይሠራል። ባሪዮስ ከስሪት 21 ጀምሮ ሌላውን ሁሉ ትቶ ፖስትግሬስን ብቻ ይዟል። ቪም ለብዙ ዓመት በማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር ብቻ ነበር የሚሠራው። በ2023 እ.ኤ.አ. በወጣው ስሪት 12 ፖስትግሬስን ጨመረ፤ አዲስ ሲጫንም መጀመሪያ የሚያቀርበው እሱን ሆነ። ይሄ ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም። ነፃው የማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ኤክስፕረስ እስከ 2022 ስሪቱ ድረስ አንድን ዳታቤዝ ከ10 ጊጋባይት በላይ አያሳድግም፤ በ2025 ስሪቱ ገደቡ 50 ጊጋባይት ሆኗል። ፖስትግሬስ እንዲህ ያለ ገደብ የለበትም፣ ፈቃድም አይገዛለትም።

በሌላው ወገን የአይቢኤም ቲቮሊ ስቶሬጅ ማኔጀር ታሪክ መታወቅ ያለበት ነው። እስከ ስሪት 5 ድረስ ለራሱ ብቻ የተሠራ ዳታቤዝ ነበረው። ያ ዳታቤዝ ከ530 ጊጋባይት በላይ መሄድ አይችልም ነበር። ተጎድቶ እንደሆነ ለመመርመር ደግሞ ሰርቨሩን ማቆም ግድ ነበር። በ2009 እ.ኤ.አ. ስሪት 6.1 ሲወጣ አይቢኤም ያንን ልዩ ዳታቤዝ ጥሎ ዲቢ2 ወደሚባለው አጠቃላይ ዳታቤዙ ዞረ። እንግዲህ አስቡት። ልዩ ዳታቤዝ ለመጻፍ ገንዘብም ሰውም የማይቸግረው ድርጅት ነው አጠቃላዩ ይሻለኛል ያለው።

ሬስቲክና ቦርግ ሦስተኛ መንገድ ሄደዋል። ዳታቤዝ ሰርቨር የሚባል ነገር የላቸውም። እንደ ካታሎግ የሚያገለግላቸው ማውጫ ከባክአፑ ዳታ ጋር አንድ ማከማቻ ውስጥ ነው። የሬስቲክ እያንዳንዱ የዳታ ጥቅል ምን እንደያዘ መጨረሻው ላይ ተጽፎበታል። ስለዚህ ማውጫው ቢበላሽ ጥቅሎቹን አንብቦ እንደገና ይሠራዋል። ፎርማቱ የራሱ ነው፣ ግን የእኔን ሁለተኛ መመዘኛ በሚገባ ያሟላል። ዱፕሊካቲ ደግሞ ኤስኪውላይት ይጠቀማል። የጠፋውን ዳታቤዝ ከባክአፑ ላይ መልሶ መገንባትም ይችላል፤ ባክአፑ ትልቅ ከሆነ ግን ትዕግሥት ያስጨርሳል።

የምትመርጡት ሶፍትዌር እዚህ ካልተጠቀሰ ሻጩን ፊት ለፊት ጠይቁት። «ሰርቨሩ ቢቃጠልና ያለኝ ይሄ ሃርድ ዲስክ ብቻ ቢሆን፣ አንዲት የኤክሴል ፋይል እንዴት አወጣለሁ?» በሉት። ደረጃ በደረጃ ከነገራችሁ ጥሩ። «እንደዚያ አይሆንም» ካላችሁ መልሱን አግኝታችኋል።

መስመሮቹን ቁጠሩ

የዳታቤዝ ምርጫ በስሜት አይሆንም፣ በቁጥር ነው። ባኩላን በመሰለ ሶፍትዌር እያንዳንዱ ፋይል በተቀዳ ቁጥር ካታሎጉ ውስጥ አንድ መስመር ይጨመራል። ምሳሌ ልስጥ። የፋይል ሰርቨራችሁ 2 ሚሊዮን ፋይል አለው እንበል። ማተሚያ ቤት ወይም ክሊኒክ ከሆነ ይሄ ብዙ አይደለም። በየእሑዱ ሙሉ ባክአፕ፣ በሌላው ሌሊት የተቀየረውን ብቻ ትቀዳላችሁ። ባኩላ የፋይል መስመሮችን ሌላ ካልተባለ ለ60 ቀን ነው የሚያቆየው። በ60 ቀን ውስጥ እስከ 9 ሙሉ ባክአፕ ይገባል። 9 ጊዜ 2 ሚሊዮን፣ 18 ሚሊዮን መስመር። በአንድ መስመር 200 ባይት ብንይዝ 3.6 ጊጋባይት ገደማ ነው። የዕለቱ ቅያሪ ከዚህ አንፃር እዚህ ግባ አይባልም።

አሁን የፋይሉን መስመር ለአንድ ዓመት ላቆይ ብትሉ 52 ጊዜ 2 ሚሊዮን ይሆናል። 104 ሚሊዮን መስመር፣ ወደ 21 ጊጋባይት። ይሄኔ ነው ሰው «ፖስትግሬስ ዘገየ» ብሎ ሌላ ሶፍትዌር መፈለግ የሚጀምረው። ቆይ! ሙሉ ባክአፑን በወር አንዴ አድርጉትና በየሳምንቱ ከዚያ ወዲህ የተለወጠውን ብቻ ውሰዱ። 12 ጊዜ 2 ሚሊዮን፣ 24 ሚሊዮን መስመር ላይ ሌላውን ብትጨምሩበት እንኳ ከድሮው ሩብ ብዙም አይርቅም። ዳታቤዝ ከመቀየር የባክአፑን የጊዜ ሰሌዳ መቀየር ይቀላል።

እዚሁ ላይ ያችን የ60 ቀን ነገር አደራ። ለሂሳብ ቢሮ አትበቃም። ጊዜው ሲያልፍ ዳታው ዲስኩ ላይ አለ፣ የፋይሎቹ ዝርዝር ግን ከካታሎጉ ይወጣል። ያኔ አንዲት ፋይል መርጦ ማውጣት ይቀርና ያንን የባክአፕ ሥራ በሙሉ ማውረድ ሊኖርባችሁ ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ለሚያልቅ ቢሮ፣ ኦዲተር ያለፈውን ዓመት ጥቅምት ሲጠይቅ 60 ቀን ምንም አይደለም። እኔ ለሂሳብ ሰነዶች ከአንድ ዓመት በታች አላስቀምጥም።

ኤስኪውላይትን በተመለከተ አጭር ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ጸሐፊ ብቻ ነው የሚያስተናግደው። ለአንድ ላፕቶፕ ወይም ለአንድ ሱቅ ካዝና ማሽን ከበቂ በላይ ነው። አምስት ኮምፒውተር በአንድ ሌሊት ባንድ ላይ ባክአፕ ለሚያደርግበት ቢሮ ግን አይሆንም።

ለባክአፕ ብቻ የተሠራው የሚያሸንፍበት ቦታ

ይሄን ሳልናገር ባልፍ አድላዊ እሆናለሁ። የባክአፕ ካታሎግ ጠባዩ ከባንክ ሂሳብ ዳታቤዝ የተለየ ነው። ሌሊት በአንድ ጊዜ ሚሊዮን መስመር ይገባል። ከገባ በኋላ ማንም አይቀይረውም። ዕድሜው ሲያልቅ ደግሞ የዚያ ሌሊት መስመር ሁሉ ባንድ ላይ ይሰረዛል።

ፖስትግሬስ ይሄን ይችላል፣ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ለእያንዳንዱ መስመር 23 ባይት የራሱን ማስታወሻ ይጨምራል። የተሰረዘ መስመር ወዲያው ቦታውን አይለቅም፤ ቫኪዩም የሚባለው ጽዳት እስኪመጣ ይጠብቃል። የትልልቅ ድርጅቶች ባክአፕ ሶፍትዌር የሆነውን ኔትባክአፕን ተመልከቱ። የእያንዳንዱን ባክአፕ የፋይል ዝርዝር በየራሱ ፋይል ለይቶ ነው የሚያስቀምጠው። የአንድ ሌሊት ዕድሜ ሲያልቅ አንዲት ፋይል ሰርዞ ይገላገላል። 20 ሚሊዮን መስመር እየለቀመ አያጠፋም። መቶዎች ሰርቨር ላለው ትልቅ ድርጅት ይሄ ልዩነት ሌሊቱን በሙሉ የሚታይ ነው።

ስለዚህ ትልቅ የዳታ ማዕከል ካላችሁ፣ ከአምራቹም ጋር የድጋፍ ውል ካላችሁ፣ ልዩውን መያዝ ስህተት አይደለም። ችግር ሲመጣ የምትደውሉለት ሰው አላችሁ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስምንት ሠራተኛ ላለው ቢሮ ግን ማን ነው የሚደወልለት? ፖስትግሬስ የሚያውቅ ልጅ ግን ካዛንቺስም፣ አራት ኪሎም፣ ሜክሲኮም አይጠፋም። የእኔ ሚዛን እዚህ ላይ ነው የሚያጋድለው። ፍጥነት በሃርድዌር ይገዛል። ካታሎጉን ከፍቶ የሚያይ ሰው ግን በጨለመ ሰዓት አይገዛም።

ራሳችሁ መክፈት ስትችሉ ምን ታገኛላችሁ

ከምንከባከባቸው ቢሮዎች በአንዱ የደመወዝ ሥራ የሚሠሩ አንድ ጋሼ አሉ። አንድ ቀን ደወሉ።

«ልጄ፣ የሐምሌው የደመወዝ ፋይል ጠፋኝ። ትናንት ነበረ፣ ዛሬ የለም።»

«ጋሼ፣ በምን ስም ነው ያስቀመጡት?»

«የሐምሌ ደመወዝ ነዋ! ሌላ ምን ይባላል?»

ባሪዮስ የሚሰጠው የመፈለጊያ መስኮት ፎልደር በፎልደር ነው የሚያወርዳችሁ። ጋሼ ፎልደሩን አያስታውሱም። «የሐምሌ ደመወዝ» ብዬ ብፈልግ ምንም የለም። የሚገርም ነገር አይደለም። እኛ ሐምሌን በሐመሩ ሐ፣ በሃሌታው ሀ፣ በብዙኃኑ ኀ፣ አንዳንዴም በራብዖቹ ሃ፣ ሓ ወይም ኃ እንጽፋለን። ለእኛ ሁሉም አንድ ድምፅ ነው፣ ለኮምፒውተር ግን ስድስት የተለያየ ፊደል ነው። ደመወዝም ደሞዝ ይሆናል።

ካታሎጉ ፖስትግሬስ ውስጥ ስለሆነ በቀጥታ ገባሁ። የፋይሎቹን ሰንጠረዥ ከፎልደሮቹ ሰንጠረዥ ጋር አያይዤ፣ የፋይሉ ስም ከዚህ ጋር የሚመሳሰለውን አምጣ አልኩት፦ '(ሀ|ሐ|ኀ|ሃ|ሓ|ኃ)ምሌ.*ደ.*ዝ'። ቀኑን ደግሞ ከነሐሴ 1 ወዲህ፣ ማለትም በፈረንጁ ከኦገስት 7 ወዲህ ብዬ አጠበብኩት። «የሃምሌ ደሞዝ የመጨረሻ» የሚል ፋይል፣ ጋሼ በማይጠረጥሩት ፎልደር ውስጥ፣ ከነተቀዳበት ሌሊት ወጣ። ከዚያ በኋላ ሪስቶር ማድረጉ፣ ማለትም ከባክአፑ መመለሱ፣ የደቂቃዎች ሥራ ነው።

ተዘግቶ በተቀመጠ ፎርማት ይሄን ማድረግ አይቻልም። የፈጠረው ሰው ያሰበላችሁን ጥያቄ ብቻ ነው የምትጠይቁት። የአማርኛ ሞክሼ ፊደላትን ያሰበ የባክአፕ ሶፍትዌር ደግሞ እኔ አላየሁም።

አንድ ጥንቃቄ አለ፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይደናገራል። ባኩላና ባሪዮስ ፖስትግሬስ ላይ ዳታቤዛቸውን ሲፈጥሩ የዓለምን ፊደላት ሁሉ በሚያውቀው ዩቲኤፍ-8 አይደለም፣ ባይቶቹን እንዳሉ በሚቀበለው ኤስኪውኤል አስኪ በሚባለው አቀማመጥ ነው። ምክንያት አላቸው። በሊኑክስ የፋይል ስም ከሁለት ባይቶች በቀር ማንኛውም ባይት ሊሆን ይችላል። ድሮ በአሮጌ የግዕዝ ፎንት ዘመን የተሰየመ ፋይል ትክክለኛ ዩቲኤፍ-8 ላይሆን ይችላል። ዳታቤዙ በዩቲኤፍ-8 ቢሆን ያንን ስም አልቀበልም ይላል፣ ባክአፑም ይሰናከላል። ስለዚህ አትቀይሩት። ውጤቱ ግን ዳታቤዙ እያንዳንዱን የግዕዝ ፊደል እንደ ሦስት የተለያዩ ባይቶች ነው የሚያየው። ፊደላቱን በካሬ ቅንፍ ከትታችሁ «ከእነዚህ አንዱ» ብትሉት ባይቶቹን በጣጥሶ የተሳሳተ መልስ ይሰጣል። ከላይ እንዳደረግኩት በክብ ቅንፍና በቁም መስመር ለይታችሁ ጻፉት፣ በትክክል ይሠራል።

ፖስትግሬስን ከያዛችሁ

ካታሎጉን ባክአፕ የሚደረገው ዳታ ካለበት ዲስክ ለዩት። ብትችሉ ኤስኤስዲ ላይ አድርጉት፤ ካታሎግ የሚፈልገው ትንንሽ ንባብ ነው። ያንን ጽዳት በራሱ የሚያካሂደውን አውቶቫኪዩም የሚባለውን አታጥፉ። የሌሊቱን ፍጥነት ለመጨመር ብላችሁ ኤፍሲንክን አጥፉ የሚል ምክር ብታገኙ እሺ አትበሉ። ኤፍሲንክ ማለት «ጻፍኩ» ያለው ነገር በእርግጥ ዲስክ ላይ መድረሱን የሚያረጋግጥበት ነው። የእኛ መብራት ሳያስጠነቅቅ ነው የሚሄደው። ዩፒኤሱ ባትሪው ካረጀ ጄነሬተሩ እስኪነሳ እንኳ አይጠብቅም። ፖስትግሬስ ከእንዲህ ያለ ድንገተኛ መጥፋት በራሱ ያገግማል፣ ይሄን መከላከያ እስካልነጠቃችሁት ድረስ።

ሌላው የሰውን ሥራ የሚያስተጓጉለው የስሪት ማሳደግ ነው። አንድ ዋና የፖስትግሬስ ስሪት ለ5 ዓመት ይደገፋል። ከአንዱ ዋና ስሪት ወደ ሌላው ስትሄዱ የድሮው የዳታ ፎልደር በአዲሱ እንዲሁ አይከፈትም፤ መቀየር አለበት። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ዓርብ ማታ አሳድጋችሁ ወደ ቤት ከሄዳችሁ ካታሎጉ ላይነሳ ይችላል፣ የቅዳሜና የእሑድ ባክአፕም አይኖርም። ከማሳደጋችሁ በፊት ካታሎጉን ፒጂ ደምፕ በሚባለው መሣሪያ አውጥታችሁ ሌላ ቦታ አስቀምጡ። ጠዋት ሥሩት።

ቪም የያዛችሁ ደግሞ ዳታቤዙን በእጃችሁ መነካካት አያስፈልጋችሁም። ሶፍትዌሩ የራሱን ማዋቀሪያ ባክአፕ የሚያደርግበት መንገድ አለው። ያ ፋይል ከቪም ሰርቨሩ ውጭ መውረዱን ብቻ አረጋግጡ።

ካታሎጉም ባክአፕ ይፈልጋል

የሌሊቱ ሥራ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከጀመረ ካታሎጉ የሚቀዳው ከሁሉም በኋላ መሆን አለበት። ባኩላ ለዚህ ተብሎ የተዘጋጀ ሥራ አለው፤ ሌላው ሲያልቅ ካታሎጉን አውጥቶ ይቀዳዋል። ብዙ ሰው እዚህ ድረስ ይሄድና ካታሎጉን እዚያው ካታሎግ በሚያስፈልገው ባክአፕ ውስጥ ከትቶ ይተወዋል። ይሄ ቁልፉን ሳጥኑ ውስጥ መቆለፍ ነው። የወጣውን የፖስትግሬስ ደምፕ እንዳለ፣ እንደ ተራ ፋይል፣ ባክአፑ ያለበት ውጫዊ ዲስክ ላይ አንድ፣ ከሕንፃው ውጭ ሌላ ቦታ ደግሞ አንድ አስቀምጡ። የማዋቀሪያ ፎልደሩንም አብራችሁ። ቡትስትራፕ የምትባለውን ትንሽ የጽሑፍ ፋይልም በየሌሊቱ በኢሜይል እንድትመጣላችሁ አድርጉ። የትኛው ዳታ በየትኛው ጥራዝ (ባኩላ ዳታውን የሚጽፍበት ትልቅ ፋይል ወይም ቴፕ)፣ ከየት እስከ የት እንዳለ እሷ ላይ ተጽፏል።

ሬስቲክና ቦርግ ላይ ይሄ ሁሉ የለም። በምትኩ የይለፍ ቃል አለ። ሬስቲክ ዳታውን ሁልጊዜ ያመሰጥራል፤ ቦርግም ያለ ምስጠራ ካልመረጣችሁ ያመሰጥራል። የሬስቲክ የይለፍ ቃል ከጠፋ ማንም አይከፍተውም፣ ሠሪዎቹም ቢሆኑ። ቦርግ ላይ ደግሞ ቁልፉን ማሽኑ ላይ ብቻ እንዲያስቀምጥ መርጣችሁ ከሆነ ቁልፉን አውጥታችሁ አትሙት። የታተመውን ወረቀት በፖስታ አሽጋችሁ ለሥራ አስኪያጁ ስጡ፣ ካዝና ውስጥ ይግባ።

በባዶ ማሽን ላይ ፈትኑ

አሁን ዋናው ሥራ ነው፣ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ልታደርጉ ከሆነ ይሄን አድርጉ። ምንም ያልተጫነበት ኮምፒውተር ፈልጉ። አሮጌ ዴስክቶፕ ይበቃል። ከዋናው ሰርቨር ጋር በኔትወርክ አታገናኙት። ይዛችሁ የምትቀመጡት ውጫዊውን ዲስክ ብቻ ነው።

ባኩላ ወይም ባሪዮስ ከሆነ፣ ያንኑ ስሪት ጫኑ፣ ፖስትግሬስን ጫኑ፣ ባዶ ዳታቤዝ ፍጠሩ፣ ደምፑን መልሱበት። የማዋቀሪያ ፋይሎቹን በቦታቸው አድርጉ፣ ጥራዞቹ ያሉበትን አድራሻ አስተካክሉ። ከዚያ የምታውቋትን አንዲት ፋይል አውጡ። «ሪስቶር ተሳክቷል» የሚለውን መልእክት ብቻ አትመኑ። ፋይሏን ክፈቷት። ኤክሴል ከሆነች የመጨረሻውን ድምር ከዋናው ጋር አስተያዩ።

ይሄ ካለፈ ከባዱን ሞክሩ። ደምፑም እንደጠፋ ቁጠሩት። ዳታቤዙን አጥፉና ባዶውን ፍጠሩ፤ ቢስካን የሚባለውን መሣሪያ ከጥራዞቹ በአንዱ ላይ አስነሱት። ቢስካን ጥራዙን ከዳር እስከ ዳር አንብቦ መስመሮቹን ካታሎጉ ውስጥ መልሶ ይጽፋል። ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ካታሎጉ ውስጥ ጻፍ ብላችሁ በግልጽ ካላዘዛችሁት ያነባል እንጂ ምንም አያስገባም። ሁለተኛ፣ የመለሳችኋቸው መስመሮች የቆይታ ጊዜያቸው ያለፈ ከሆነ በሚቀጥለው ጽዳት እንደገና ይሰረዛሉ። ስለዚህ መጀመሪያ የቆይታ ጊዜውን አርዝሙ። ስንት ሰዓት እንደፈጀም ጻፉ። ለአንድ ጥራዝ የፈጀውን በጥራዞቹ ብዛት አባዙት። ካታሎጉን ያጣችሁ ቀን ለሥራ አስኪያጁ የምትናገሩት ቁጥር እሱ ነው። ጊዜ ካላችሁ ቢኤክስትራክትንም ሞክሩት፤ ያለ ምንም ካታሎግ ከጥራዙ ላይ በቀጥታ ያወጣል።

ቪም ላይ ፈተናው ያጥራል። አዲስ ማሽን ላይ ጭናችሁ የሙሉ ባክአፑን ፋይል ከዲስኩ ላይ አስመጡት። የቪም ባክአፕ ፋይል ስለ ራሱ የሚናገረውን ይዞ ስለሚሄድ የድሮው ዳታቤዝ ሳይኖር ይከፈታል። የተመሰጠረ ከሆነ የይለፍ ቃሉ ያስፈልጋል። ሬስቲክ ከሆነ ማከማቻውን ከፍታችሁ ማውጫውን እንደገና እንዲገነባ እዘዙት፣ ከዚያ ከዳታው ከፊሉን በትክክል እያነበበ እንዲያረጋግጥ አድርጉ። ማከማቻው በጣም ትልቅ ከሆነ ማውጫውን ሜሞሪ ላይ ስለሚጭን የፈተና ማሽኑ ራም እንዳያንስ።

ፈተናውን በዓመት ሁለቴ አድርጉት። አንደኛውን ግንቦት ውስጥ አስቀምጡት። ሰኔ ሲገባ የሂሳብ ክፍሉ በዓመት መዝጊያ ይወጠራል፣ ሰርቨሩን ለአንድ ሰዓትም አይለቁላችሁም። ሁለተኛውን ኅዳር ላይ፣ ኦዲቱ ሳይጀመር። ውጤቱን በአንድ ገጽ ጻፉና ለሥራ አስኪያጁ ስጡ፦ ሶፍትዌሩና ስሪቱ፣ ዳታቤዙና ስሪቱ፣ ደምፑ የተቀመጠባቸው ሁለት ቦታዎች፣ የይለፍ ቃሉ ያለበት፣ አንዲት ፋይል ለማውጣት የፈጀው ጊዜ፣ ካታሎጉን ከባዶ ለመገንባት የሚፈጀው ጊዜ። እናንተ ሥራ ብትቀይሩ የሚተካችሁ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ያንን ወረቀት ነው።